የኦቦ ሞቱማ የመጨረሻ ቃል

መቶ አለቃ ጥሩሰው ከዓለም ገና ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ሰበታ ወደሚገኘው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲደርስ፣ የዘበኛውን የኦቦ ሞቱማን አስከሬን ከመኝታ ቤቱ የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባው ተንጋሎ አገኘው። ዘመኑ 1959 ዓ.ም.፣ ቀኑ ዓርብ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ደረጃውን አርሶታል።

«አንሸራቷቸው ነው» አሉ ዳይሬክተሩ አቶ ጌታቸው። «ዛሬ ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጡብናል። ነገሩ ቶሎ ቢያልቅልን ጥሩ ነበር።»

ጥሩሰው ወደ አስከሬኑ ቀረበ። ተንበርክኮ የሟቹን ቀኝ እጅ ገለጠ። መዳፉ ተልጧል፤ በጥፍሩ ሥር ቀይ ክር ተሰክቷል።

«መጀመሪያ የደረሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለች ወጥ ቤቷ ተረፈች። «ንጋት ላይ ስደርስ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር። ‹ፈርቶ… ፈርቶ› አሉና ጸጥ አሉ።»

የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ስንዱ ግን ሌላ ነገር ነበራቸው። «አያንቱ የምትባለውን ተማሪ ይጠይቋት። ትናንት ከሰውዬው ጋር በቋንቋቸው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ሰውዬውም ቢሆን አስቸጋሪ ነበር። ማክሰኞ ዕለት የማገዶ ቤቱን ቁልፍ ወስዶብኝ እስከ ዛሬ ዓይኔ አላየውም።»

አያንቱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። መቶ አለቃው ፊት ስትቆም አንገቷን አልደፋችም።

«ስለ ምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ለእንግዶቹ እኔው ልንገራቸው አልኩ። ኦቦ ሞቱማ ደግሞ ‹አንቺን ያባርሩሻል፣ እኔ ልናገር› አሉኝ።»

«ምኑን ነው የምትነግሩት?»

«አማርኛዬ ሲሰበር ትልልቆቹ ልጆች ይስቁብኛል። ከዚያ ማገዶ ቤት ይቆልፉብኛል። ቁልፉን የሚሰጧቸው ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ማክሰኞ ኦቦ ሞቱማ አወጡኝና ቁልፉን ይዘውት ቀሩ።»

«ሲሞቱ ‹ፈርቶ› ብለዋል። ማንን ፈርተው ይመስልሻል?»

«እሳቸው ማንንም አይፈሩም» አለች ልጅቷ ቆጣ ብላ። «‹ፉርቱ› ነው ያሉት። በእኛ ቋንቋ ቁልፍ ማለት ነው።»

ጥሩሰው ማገዶውን ሊያይ ወደ ወጥ ቤቱ ሄደ። ከምድጃው አጠገብ ፍልጥ ተቆልሏል። ዳሰሰው፤ አንድም ጠብታ ዝናብ አልነካውም።

እኩለ ቀን ላይ መምህራኑንና ተማሪዎቹን ሁሉ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ኦቦ ሞቱማ አንሸራቷቸው አልወደቁም» ሲል ጀመረ። «ጭብጣቸው ውስጥ በቀይ ክር የታሰረ ነገር ነበር፤ ሰው መንጭቆ ወስዶታል። ምን እንደነበረ ራሳቸው ነግረውናል። ቁልፍ ነው። ወይዘሮ ስንዱ፣ የማገዶ ቤቱን ቁልፍ ከማክሰኞ ወዲህ አላየሁትም ብለውኛል።»

«አላየሁትም።»

«ተረፈች፣ ዛሬ ቁርስ ያበሰልሽበት ደረቅ ፍልጥ ከየት መጣ?»

ተረፈች ወደ ወይዘሮ ስንዱ አየት አደረገችና መሬት መሬት ማየት ጀመረች። «ከማገዶ ቤት ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘግቶብኝ በእርጥብ ጭራሮ ጭስ ስጠበስ ነበር የከረምኩት። ዛሬ እሳቸው ከፈቱልኝ።»

«ኦቦ ሞቱማ ከመሞታቸው በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው ጌታዬ። ሰዉ አስከሬኑን ከቦ ሳለ።»

«እንግዲህ ቁልፉ ከሟቹ እጅ ወደ እርስዎ የተሻገረው ዛሬ ንጋት ላይ ነው፣ ወይዘሮ ስንዱ። የነጠላዎን ጫፍ ይፍቱት።»

ሴትዮዋ ቋጠሮውን ፈቱት። ከወደቁት ቁልፎች አንዱ ላይ የተበጠሰ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል።

«ልገድለው አልነበረም!» ብለው ጮኹ። «ለእንግዶቹ አሳየዋለሁ አለኝ። ብነጥቀው አልለቅም አለ፤ ገፋሁት። ታላላቆች ታናናሾችን ቢቀጡ ምን ነውር አለው? እኛስ እንዲሁ ተቀጥተን አይደል ያደግነው?»

ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ያዟቸው። አቶ ጌታቸው ወደ ጥሩሰው ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መቶ አለቃ፣ የሁለቱን ጠብ ይጻፉ። የልጆቹን ጉዳይ ግን እዚሁ እንጨርሰዋለን። የትምህርት ቤቱ ስም አለ።»

«ይጻፍ!»

አያንቱ ከአጠገባቸው ካለው አግዳሚ ወንበር ተነሥታ ቆማለች። «ሁለት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ነገርኩዎት። ሁለቱንም ጊዜ ‹ቻይው› አሉኝ። ከእንግዲህ አልችልም። እንግዶቹም ሲመጡ እነግራቸዋለሁ። ማባረር ከፈለጋችሁ አባርሩኝ፣ በር ላይ ቆሜም እናገራለሁ።»

ጥሩሰው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ከኋላ ረድፍ ድንቅቱ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተነሣች። ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል። «እኔ ነኝ የቆለፍኩብሽ» አለች። «አያንቱ፣ ይቅር በይኝ።»

አያንቱ ዞራ አየቻት።

«ለእኔ አይደለም» አለቻት። «ለእሳቸው ንገሪ። እየጻፉ ነው።»

ድንቅቱ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ መቶ አለቃው ሄደች። ስሟን ከነአባቷ ነገረችው።