ቅቤ ያጠጧት ፒክአፕ

አቧራው ከደቡብ ተነስቶ ፀሐይዋን ሲውጣት ዲሪዬ መሪውን ጠመዘዘ፤ የአሮጌዋ ፒክአፕ የፊት ጎማ ከምስጥ ኩይሳ ጋር ተላትሞ ቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ነቀለ። አክስቱ ሆዳን እቅፏ ውስጥ ያለውን እርጥብ ሳር በሻሿ ሸፈነች።

ሳሩን ያመጡት መብረቅ ከታየበት ከሰሜን ነው። በሃውድ ሜዳ ዝናብ ፍለጋ የተላከ አሳሽ ሳር ይዞ ካልገባ፣ አወራ እንጂ አየ አይባልም። መንደሩ ጎጆውን ነቅሎ፣ ግመሎቹን ጭኖ ይጠብቃቸዋል። ከሰዓት በኋላ እስከሚሰገደው የአስር ሶላት ካልደረሱ መንጋውን ወደ ደቡብ ጉድጓዶች ይነዳል። ጉድጓዶቹን ደግሞ ዲሪዬ ትናንት አይቷቸዋል፤ የቀራቸው አጥንትና ነፋስ ነው።

መንደርተኛው ዲሪዬን «አንድ ካስር» ይለዋል፤ ከሚያወራው አስር ነገር አንዱ እውነት ነው ለማለት። ጠላቶቹ ግን ቁጥሩ ተጋኗል ይላሉ።

አቧራው ሲጠራ ሌላ ዓለም ጠበቃቸው። ሜዳው ወርቃማ፣ ድምፅ አልባ። አድማሱ ላይ የሌለ ባሕር ተዘርግቷል፤ ግራሮቹ ሥራቸውን ነቅለው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ።

ቁልፉ ገባ፤ ግን አልዞር አለ።

«ደርቆ ነዋ! ምን ያልደረቀ አለ?» አለች ሆዳን፤ ከቅቤ ዕቃዋም ቀዳዳው ውስጥ ጠብ አደረገች። ቅቤ ቁስል ያሽራል፣ ቆዳ ያለሰልሳል፣ የጆሮ ሕመም ያስታግሳል። የቁልፍ ቀዳዳስ ከጆሮ በምን ያንሳል? ቅቤና አሸዋው ግን ተዋደዱና ጭቃ ሆኑ። ዲሪዬ በጉልበት ጠመዘዘ። ቁልፉ ጎበጥ አለ።

«ተው! እሱ ከተሰበረ መንጋውም አለቀ።»

ያን ጊዜ ከሌለው ባሕር ውስጥ አቦሸማኔ ወጣች። እንደ ጭስ እየተንሳፈፈች መጥታ በዲሪዬ በር በኩል፣ በፒክአፗ ጥላ ስር ጋደም አለች። መስኮቱ መስታወት የለውም። ጎኗ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጊዜ ራሱ አብሯት የተኛ መሰለ።

«አንበሳ ገድያለሁ ብለህ የለ?» አለች ሆዳን በሹክሹክታ። «በላ ንገራት።»

«እሱ... ሌላ መኪና ላይ ነው።»

የሞተር ድምፅ ሲሰማ አቦሸማኔዋ ተነነች። የመጣው ኤልሚ ነው፤ አምና በውሃ ሰበብ ከእነሱ ጋር የተጋጨው የጎረቤት ጎሳ አሳሽ፣ በሙያው መምህር፣ ጆሮው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የሚሰካ። ከአዲሱ መኪናው ኋላ ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀ የግመል ግልገል ተኝቷል።

እዚያ አገር ወሬ ሳይጠያየቁ እንኳን መረዳዳት፣ መጣላትም ነውር ነው።

«ወሬ ምን አለ? ዝናቡ የት ወረደ?» አለ ኤልሚ።

ውሸቷ ተኳኩላ ዲሪዬ ምላስ ላይ ቆመች፦ ደቡብ። እሷን ቢናገር ሰሜን ለእነሱ ብቻ ይቀራል። ግልገሉን አየው። ግልገሉም አየው።

«ሰሜን» አለ። «ከሁለቱ ቀያይ ኮረብቶች ጀርባ። ለሁላችንም ይበቃል።»

«አንተን ነው የማምነው? አንድ ካስርን?»

ዲሪዬ ሳሩን ፈትቶ ግማሹን ሰጠው። ኤልሚ አሸተተው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ቀጥሎ የቁልፉን ቀዳዳ አሸተተ።

«ይሄ መኪና ነው ቁርስ?»

መፋቂያውን ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ጭቃውን ጠርጎ አወጣ። ሲደርቅ የእርሳሱን ጥቁር ዱቄት ፍቆ ቁልፉ ላይ ነሰነሰ። «ቅቤ አሸዋ ይጠራል። ይሄ ግን ደረቅ ነው፣ ያንሸራትታል።»

አሁንም አልዞረም። ሆዳን ኩይሳው ላይ የተጫነውን ጎማ አየች።

«ጎማው መሪውን፣ መሪው ቁልፉን ይዞታል። ግመል እግሯ ተይዞ ብትጎትታት ትነሳለች? መሪውን ወዲህ ገፋ፣ ወዲያ ገፋ አድርገህ አሳርፈው። ከዚያ ቁልፉን ለምነው።»

ዲሪዬ መሪውን ወዘወዘ፤ ቁልፉን በሁለት ጣት ለመነው። ቀጭ! ሞተሩ አጓራ።

ሲደርሱ ሶላቱ አብቅቶ መሪዋ ግመል ፊቷን ወደ ደቡብ አዙራለች። ዲሪዬ ፒክአፗን ፊት ለፊቷ ገጭ አድርጎ አቆመ። «ዝናቡ ሰሜን ነው!» ብሎ ሳይጨርስ፣ ግመሏ አንገቷን በመስኮቱ አስገብታ ሳሩን ዋጠችው።

«ምስክርህስ?» አሉ ሽማግሌው ቡህ።

«በላችው።»

መንደሩ በሳቅ አለቀ።

«እኔም አይቻለሁ!» ብላ ጮኸች ሆዳን።

«ያሳደግሽውስ አንቺ አይደለሽ?» አላት አንዱ።

ዲሪዬ ከመኪናው ወርዶ በእጁ ወደ ሰሜን ጠቆመ። ያኔ አድማሱ ላይ አቧራ ተነሳ፤ የእነ ኤልሚ ግመሎች፣ ረጅም ሰልፍ፣ ወደ ሰሜን። ሽማግሌው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጋርደው አዩ።

«ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

«ለእነሱ? እውነቱን?»

ዲሪዬ አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የመሪዋን ግመል ልጓም ወደ ሰሜን አዞሩ።

ዲሪዬ ከመንጋው ኋላ ቀስ እያለ ነዳ። መንገድ ላይ ምን ገጠመህ ሲሉት፣ «አቦሸማኔ ጥላችን ስር ተኝታ ነበር» አለ። ማንም አላመነውም። እሱም አንድ ቃል አልጨመረበትም።