ቁጥሮቹ ሲቀያየሩ

«ጀምር» አለችና ጭምት የስልኩን ሰዓት ነካች።

አባቷ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ «ድመት፣ ውሻ፣ ዶሮ፣ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ አህያ፣ ፈረስ...» ይል ጀመር። ከግቢ ወጣና ጫካ ገባ፤ አንበሳውን፣ ነብሩን፣ ጅቡን፣ ዝንጀሮውን በየተራ ጠራቸው። ከጫካው ወደ ውኃው ወረደ፤ አዞ፣ ጉማሬ፣ ዓሣ፣ ዔሊ። ከዚያ ቀና ብሎ ወፎቹን ያዘ። ንስር ላይ ሲደርስ ደቂቃው ሞላና ስልኩ ጮኸ።

«ሃያ ሁለት» አለች ጭምት።

«አየሽ? አሁን ማን ነው ጭንቅላቱ ዝጓል የሚለኝ?» አለና ጠረጴዛውን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው።

ጭንቅላቱ ዝጓል ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ያለው እሱ ራሱ ነው፤ ባለፈው ወር ከሆስፒታል ሲመለሱ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ያን ዕለት ያው ጥያቄ ቀርቦለት ስምንት እንስሳት ብቻ ነበር የጠራው። ከስምንተኛው በኋላ አፉን ከፍቶ ቀረ። ጭምት አጠገቡ ስለነበረች ጆሮው ሲቀላ አይታለች። ሠላሳ ዓመት ሊፍት የጠገነ ሰው፣ የየፎቁን ሽቦ በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ዶሮ የሚለው ቃል ጠፍቶበት ወለል ወለሉን ያይ ነበር።

አባቷ ጉበቱን ታሟል። መቼ እንደያዘው የማያውቀው ቫይረስ ዓመታት ተደብቆ ቆይቶ፣ ጉበቱን ጠባሳ በጠባሳ አድርጎት ተገኘ። የሰፈር ሰው «ሳይጠጣ ጉበቱን የሚታመም የለም» እያለ ያማዋል፤ እሱ ግን መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሆስፒታሉ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም እንዲህ ባሉ ሕመምተኞች ላይ ጥናት ታካሂዳለች። «ጉበት ደምን ማጣራት ሲያቅተው ቆሻሻው ወደ አንጎል ይሄዳል» ብላ ነበር ያስረዳቻቸው። «ሰውየው ያወራል፣ ይስቃል፣ ሥራ ይገባል፤ ማንም ምንም አያይበትም። ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይዘገያል። እኔ የምፈልገው ያችን ትንሽ ነገር ነው።»

ለዚህ ሁለት መፈተኛ ነበራት። አንዱ የእንስሳቱ ጥያቄ ነው። ሌላው ወረቀት ነው፤ ከአንድ እስከ ሃያ አምስት ያሉ ቁጥሮች ተበታትነው ተጽፈውበታል፤ ሕመምተኛው እርሳስ ሳያነሳ በቅደም ተከተል፣ በፍጥነት በመስመር ያገናኛቸዋል። አባቷ የመጀመሪያውን ወረቀት አበላሽቶ ያንኑ የመሰለ ሌላ ተሰጠው። የተበላሸውን ግን ማንም ሳያየው አጣጥፎ ኪሱ ከትቶት ነበር። ማታ እሱን አውጥቶ ጭምት ፊት ዘረጋውና፣ «ሚጢጢዬ፣ ይሄን አባዢልኝ። ከሚቀጥለው ቀጠሮ በፊት እለማመዳለሁ» አላት።

«ፈተና እኮ ነው አባዬ።»

«ታዲያ አንቺ ለፈተና አታጠኚም?»

ጭምት እርሳሷን አነሳች። ከደብተሯ እየገነጠለች ገለበጠችለት። በየምሽቱ ተለማመደ፤ ፈጠነም። እጁ ወረቀቱ ላይ ሲሮጥ ላየው የለመደ መንገድ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

አንድ ምሽት ጭምት ያንኑ መገልበጥ ሰለቻትና ቁጥሮቹን እንደመጣላት በታተነቻቸው። ምንም አላሰበችበትም። አባቷ እርሳሱን አንስቶ ጀመረ። ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ። ስምንት አፍንጫው ሥር ነበረች። እርሳሱ ግን ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ፣ አየር ላይ ዞረ።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለ በመጨረሻ። ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ስምንት እዚህ ጋ ነበረች።»

ጭምት ጣቱ ያረፈበትን ባዶ ቦታ አየች። «ተሳስቼ ነው» አለችና ወረቀቱን ጨምድዳ የድሮውን ሰጠችው። አባቷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ለእናቷ ልትነግራት አስባ ነበር። እናቷ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ነው የምትሠራው፤ ስትመጣ እግሯን ባልዲ ውስጥ ነክራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጭምት «እማዬ፣ አባዬ ሥራውን ቢያቆም ምን ይሆናል?» ብላ ጀመረች። እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እሱ ቤት የዋለ ዕለት ነው የሚሞተው። ምነው፣ ምን አየሽ?» አለቻት። «ምንም» አለች ጭምት። ስሟን ያወጡላት ያለ ነገር አይደለም፤ የሰማችውን ሁሉ በሆዷ የምትይዝ ልጅ ናት።

ቅዳሜ ለአባቷ ምሳውን ይዛ ወደሚሠራበት ሕንፃ ሄደች። አባቷ ብቻውን አይሠራም። ጭምት ሳትወለድ ጀምሮ አብሮት የሚሠራ ጓደኛ አለው፤ በቁመቱ የተነሳ ሁሉም ረጅሙ ይለዋል። ሥራቸው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ጣሪያው ላይ ካለው የሞተር ክፍል ገብቶ ሊፍቱ እንዳይንቀሳቀስ መብራቱን ያጠፋል፤ ሌላው ከታች፣ ሊፍቱ ወደሚያርፍበት ጉድጓድ ይወርዳል። የታችኛው ሰው የላይኛውን አያየውም። ስልኩን ብቻ ነው የሚሰማው።

ሕንፃው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሊፍቶች ነበሩት። ጭምት ስትደርስ የቀኙ በር ተከፍቶ በእንጨት ተደግፏል፤ ረጅሙ አፋፉ ላይ ተቀምጦ በስልክ ያወራል። «አጥፍቻለሁ፣ ውረድ» የሚለውን የአባቷን ድምፅ እሷም ሰማችው። ረጅሙ ወረደ። ጭንቅላቱ ብቻ ከወለሉ በላይ ቀረ።

«ጭምት፣ እስቲ ያቺን ፒንሳ አቀብይኝ። ለትምህርት እንዴት ነሽ? የኔው ጉድ ልጅ እንደሆነ ከፉጨት በቀር የሚያውቀው የለም።»

ፒንሳውን ልትሰጠው ጎንበስ እንዳለች ከላይ ድምፅ መጣ። ገመድ ሲሮጥ የሚያሰማው፣ ቀጭን፣ እንደ ንብ ያለ ድምፅ። ረጅሙ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ጭምት የምታየው ሰው መሆኑን እስክትጠራጠር ድረስ፣ ያ ሁሉ ቁመት በክንዱ ተንጠልጥሎ ወለሉ ላይ ወጥቶ ተዘረጋ። የሊፍቱ ሳጥን መጥቶ ጉድጓዱን ሞላውና ቀጥ ብሎ ቆመ።

 ረጅሙ በደረቱ እንደተኛ ስልኩን ፈልጎ አነሳ።

«ወንድሜ» አለ፤ ድምፁን ሊያስተካክል ሞከረ። «የግራውን ነው ያጠፋኸው መሰለኝ።»

 ከዚያ የአባቷ ድምፅ፣ «ቀኙን ነው ያልከኝ?»

«ግድ የለም። ሳላረጋግጥ የገባሁት እኔ ነኝ።» ስልኩን ዘግቶ ወደ ጭምት ዞረ። የእጁን ግራሶ በጨርቅ ጠረገ። «ይቺን ለእናትሽ አታውሪ፣ ለልጄም እንደዚያው። ሰው ይሳሳታል።»

አባቷ ከላይ ወርዶ ምሳውን በላ። ስለሆነው ነገር አላነሳም። ምግቡን ግማሹን ትቶ ክዳኑን ሲገጥም፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎት ሦስቴ አዞረው።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ፉጨት አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። የረጅሙ ልጅ ነው፤ አስተማሪ ፊት እንኳ ሳያስበው ስለሚያፏጭ ሁሉም ፉጨት ይሉታል።

«የኛ ሽማግሌዎች ፍቅር ይዟቸዋል ባክሽ» አላት። «አለቃቸው ለአባቴ በአባትሽ ቦታ ወጣት ሰው ልመድብልህ ቢለው እንቢ አለ አሉ። ከእሱ ጋር ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምገባው አለው።»

«እንደዚያ አለ?»

«ቃል በቃል። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንም። ቀጥሎ የት ነው የሚሠሩት?»

«ከሰኞ ጀምሮ አዲሱ ፎቅ ላይ። አሥራ ስምንት ወለል ነው፣ አቦ። ጉድጓዱ ብቻ ቤት ያክላል አለኝ።» ማፏጨት ጀመረ። ጭምት ያን ዜማ እስኪጨርስ ጠበቀችና ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ። እውነቱን ለመናገር፣ ባይደወልም ኖሮ ምን እንደምትል አታውቅም ነበር።

የሆስፒታሉ ቀጠሮ ዓርብ ነበር። እናቷ ፈረቃ ስለገጠማት፣ እንደ ባለፈው ጭምት አብራው ሄደች። አባቷ ጢሙን ተላጭቷል፤ ነጭ ሸሚዙን ለብሷል። ኮሪደሩ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «ሐኪሟ ለብቻሽ ትጠይቅሻለች። ሁሉ ደህና ነው በያት። ሌላ አትቀባጥሪ» አላት።

ፈተናው በሰላም አለፈ። እንስሳቱ ከግቢ ወጡ፣ ጫካ ገቡ፣ ውኃ ወረዱ። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነበር፤ እርሳሱ ሳይቆም ሃያ አምስት ላይ ደረሰ። ሐኪሟ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ አየች። ከዚያ አባቷን ደጅ እንዲጠብቅ ጠየቀችውና ወደ ጭምት ዞረች። ልጅ እግር ናት፤ ዓይኗ ሥር የድካም ጥላ አለ።

«ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር አይተሻል? ነገር ይረሳል?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

«ይሳሳታል? የለመደው ሥራ ላይ ይዘገያል?»

«ደህና ነው።»

«እንቅልፉስ?»

«እሱም ደህና ነው።»

ሐኪሟ ጻፈች።  አባቷ ተመልሶ ሲገባ የጭምትን ፊት ብቻ አይቶ ያላትን እንዳለችለት ገባውና ፈገግ አለላት። ከዚያ ፈገግታ ይልቅ ጥፊ ይቀልላት ነበር።

«ከባለፈው በጣም ተሻሽለዋል» አለች ሐኪሟ። «እንዲህ ያለ ለውጥ ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። ሥራዎ ላይ የሚያሰጋ ነገር አይታየኝም።»

«ሰኞ ትልቅ ሥራ አለብኝ ዶክተር» አለ አባቷ። «እኔን ብሎ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ሊወጡ ተነሱ። አባቷ የበሩን እጀታ ይዟል። ጭምት ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ሌላ ወረቀት አለ?» አለች።

ሐኪሟ ቀና አለች። «ምን ዓይነት?»

«ቁጥሮቹ ሌላ ቦታ የሆኑበት።»

 ኮሪደሩ ላይ አንድ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ሐኪሟ ልጅቱን አየች፣ ከዚያ አባቷን አየች። መሳቢያዋን ስባ ከሥር አንድ ወረቀት አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ካልፈለጉ መተው ይችላሉ» አለችው።

አባቷ እጀታውን እንደያዘ ቆየ። አንድ ጊዜ ጭምትን አያት፤ ተቆጥቶ አልነበረም፤ ምን እንደነበረ እሷም እስከ ዛሬ አታውቀውም። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ልጄ ናት እንግዲህ» አለና እርሳሱን አነሳ።

አንድን አገኘ። ሁለትን፣ ሦስትን። ስድስት ላይ ዘገየ። ዘጠኝን ዘሎ አሥር ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሰረዘ። ጭምት ጉልበቷን እያየች የእርሳሱን ድምፅ ትሰማ ነበር፤ ጭር፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ጭር። አሥራ ሁለት ላይ ዝምታው በዛ። እርሳሱ ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

«ይሄ የእርስዎ ስንፍና አይደለም፤ የበሽታው ሥራ ነው» አለች ሐኪሟ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሽሮፕ አለ፤ ሆድ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ያስወጣል። ሁሉንም አያሽልም፤ ብዙዎችን ግን ይረዳል። እስኪለይ ድረስ የሌላ ሰው ነፍስ በእጅዎ ያለበትን ሥራ አይሥሩ።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ሽሮፑ አልጠየቀም። ወረቀቱን ይዞ ሊሄድም አልሞከረም።

ከሆስፒታሉ ወጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አቀኑ። ሰማዩ ከብዶ ካፊያ ጀምሯል። አባቷ ሁልጊዜ መንገድ ሲያቋርጡ እጇን ይይዛት ነበር፤ ያን ቀን ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቀድሟት ተሻገረ። ጭምት ከኋላው ስትሄድ ትከሻው ከሸሚዙ ጠቦ ታያት። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቀችው አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ ስታያት ነው።

ማቆሚያው ጋ የአባቷ ስልክ ጠራ። አውጥቶ አየው፤ ጥሪው የረጅሙ ነበር። እስኪያቋርጥ ጠበቀ። እንደገና ጠራ። አባቷ ስልኩን ሳያያት ዘረጋላት።

«ጉንፋን ይዞታል በይው» አለ። «ሌላ አትጨምሪ።»

ጭምት ስልኩን ተቀበለች። መዳፏ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አነሳችው።

«አቤት ጋሼ» አለች። «ጭምት ነኝ።» ከወዲያ በኩል ከረጅሙ ድምፅ ኋላ የፉጨት ፉጨት ይሰማል፤ ቤት ናቸው ማለት ነው። «አዎ፣ ከሆስፒታል ወጣን። አባዬ ሰኞ አይመጣም ጋሼ... አይ፣ ጉንፋን አይደለም። ለምን እንደሆነ እሱ ራሱ ይነግርዎታል።»

ስልኩን ወደ አባቷ ዘረጋችው። አልተቀበላትም። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ጭኖ ሄደ። ረጅሙ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል። ካፊያው እጇን አረጠበው፤ እጇን ግን አላጠፈችም። አባቷ መጀመሪያ መንገዱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን፣ ከዚያ እጇን። በመጨረሻ ስልኩን ወስዶ ጆሮው ላይ አደረገው። ጉሮሮውን ጠረገ። ጭምት ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ፊቷን አዞረችለት።