በግራ በኩል የተገኘው ክዳን

ትልቁ ዶክተር በምሳ ሰዓት ቢሯቸው ውስጥ፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። በእጃቸው ክዳን የሌለው እስክሪብቶ ይዘዋል። በምሳ ሰዓት ጋደም የሚሉበት ሶፋ ላይ ያለው ትራስ ተጨማዷል። ክዳኑ ከሳንባቸው ወጣ። «ሲያኝኩት ትን ብሏቸው ነው» ተባለና ሁሉም እፎይ አለ። መርማሪዋ ግን ቶሎ እፎይ የምትል ሴት አልነበረችም።

«ከየትኛው ሳንባ ነው የወጣው?» ብላ ሬሳውን የመረመረውን ሐኪም ጠየቀችው።

«ከግራው።»

«ተቀምጠው ትን ካላቸው ወደ ቀኝ አይወርድም?»

«አብዛኛውን ጊዜ አዎ። የአየር ቧንቧው ደረት ውስጥ ለሁለት ሲከፈል የቀኙ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። ደግሞም አንዱ ቢዘጋ በሌላው ይተነፈሳል፤ እንዲህ ቶሎ አይገድልም።»

እስክሪብቶው አዲስ ነው። ክዳኑ ግን አሮጌ፣ በትንንሽ ጥርሶች የተነከሰ ነው።

ክዳኑን እዚያ ድረስ ሊገፋ የሚችለው በአፍ የሚገባው የሳንባ መመልከቻ ቱቦ ነው፤ የተቀመጠበት ቁም ሳጥን ቁልፍ ያለው በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ነበር። አንዱ የሟቹ ረዳት ሐኪም ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ቱቦውን ስታስገባ የት ትቆማለህ?»

«ከበሽተኛው ራስጌ። ቀኙ በቀኝ እጄ በኩል ይሆናል። እኔን ነው የሚጠረጥሩኝ?»

«ገና ነው።»

ሁለተኛው ለተማሪዎች የጀሶ ሳንባ የሚሠራውና ዕቃ ቤቱን የሚይዘው ሽማግሌ ነው። ከጠረጴዛው በላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ፎቶ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ሰፊው ቅርንጫፍ የቱ ነው?»

ሳያይ እጁን በራሱ ግራ በኩል ወዳለው ቅርንጫፍ ሰደደ። ሳንባው ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነበር የቆመው።

በማግስቱ ሁለቱን ከሟቹ ሚስት ጋር ቢሮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ በትራስ ታፈኑ። ገዳዩ ከራስጌ ቆሞ ክዳኑን በቱቦ ወደ ግራ ሳንባቸው ገፋው፤ ከዚያ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ረዳቱ በየቀኑ ከራስጌ ስለሚሠራ ቀኙን አይስትም። ሃያ ዓመት ሳንባን ፊት ለፊት ሲያይ ለኖረ ሰው ግን ሰፊው ምንጊዜም በግራ እጁ በኩል ነው። ከራስጌ ሲቆሙ ግን ጎኑ ይገለበጣል፤ የለመደ እጅዎ ወሰደዎት፣ ጋሼ።»

«ምን አደረገህ?» አለች ሚስትየው።

ሽማግሌው ለዶክተሩ ይሰጥ የነበረውን አንቱታ ጣለው። «ልጄ ይህን ክዳን ውጣ ይዣት መጣሁ። ደረቷን ራጅ አንሣልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጉንፋን ነው አለኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች፤ ከቀኝ ሳንባዋ ነው የወጣው። እሱም እዚያችው ቦታ ላይ እንዲይዘው ነበር የፈለግሁት። አልጸጸትም።»

ከዚያ ቀና አለ። «ግራ ነው ያልሽኝ?»

«ግራ ነው፣ ጋሼ።»

ካቴናው ሲገባለት አላንገራገረም። ግራ እጁን ግን እስከ መኪናው ድረስ እያየው ሄደ።