የቆመ መኪና ትኩስ ዘይት

የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ። በአንድ እጄ ነው የምጽፈው።

ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ታሪኩ ሰው ነገረኝ፣ ሰማሁ የምለው ነገር አይደለም። በገዛ ግቢዬ፣ በገዛ ዓይኔ ፊት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔ ራሴ ባላምነው ደስ ባለኝ።

ትናንት እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ጨለማ የለም፣ ዝናብ የለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኔ ከቤታችን ጀርባ፣ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፌ፣ የሚስቴ አባት አሮጌ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቻለሁ።

አማቴ ዕድሜ ልካቸውን መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። "ቀስ በል" የምትል ቃል ከአፋቸው ስለማትጠፋ ተማሪዎቻቸው "ጋሽ ቀስበል" ይሏቸው ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔ ሾርባ ስጠጣ እንኳ "ቀስ በል" ይሉኝ ነበር።

መኪናዋም የማስተማሪያ መኪና ናት። ከሾፌሩ ሌላ በጎን ባለው ወንበር ሥርም ማርሽ ለመቀየር የሚረገጥ ፍሪሲዮንና ፍሬን አላት። ተማሪው ሲደናበር አስተማሪው ከጎን ሆኖ ይረግጣል።

ሊሞቱ ሰሞን "አባባ" የምትላቸውን የልጄን እጅ ይዘው፣ "ወፌን መንዳት የማስተምራት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ" አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ወፌ ገና አምስት ዓመቷ ነው።

እሳቸው አልሳቁም።

ወፌ አንድ ልጃችን ናት። ከእሷ ሌላ የምሳሳለት ነገር የለኝም። ይህን ያዙልኝ።

ከቀብሩ ወዲህ መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ባትሪዋን እንኳ አውጥቼ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ። ትናንት ግን ሚስቴ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች፣ ስትመለስ ላስደንቃት ብዬ የካምቢዮውን ዘይት ልቀይር ተነሣሁ። ካምቢዮ ማለት ማርሾቹ የሚኖሩበት የብረት ሣጥን ነው። ይህንንም ያወቅኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ከመቀስና ከማበጠሪያ በቀር እጄ የለመደው ብረት የለም።

መኪናዋን በክሪክ አነሣሁ። አራቱንም ጎማ አየር ላይ አድርጌ በብረት መደገፊያ አሳረፍኳት። ወፌ ከጓሮው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ትስላለች። የጠመኔው ጭረት እየተሰማኝ ነው የምሠራው። ድምፁ ካለ እሷም አለች።

አማቴ ደጋግመው የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር። "ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፍታ። እሱ እምቢ ካለህ ዘይቱን አትንካው። አለዚያ መኪናዋ ደርቃ ትቀርልሃለች።"

እኔ ግን የማፍሰሻውን ቀድሜ ፈታሁት።

ዘይቱ ከሥር ወዳስቀመጥኩት ሳፋ ወረደ...

የቆመ መኪና ዘይት ቀዝቃዛና ወፍራም ነው፣ ተጎትቶ ነው የሚወርደው። ይሄ እንደ ውሃ ፈሰሰ።

እጄ ላይም ሲያርፍ ትኩስ ነበር።

አሁን ከመንገድ የገባች መኪና ዘይት ነው እንዲህ የሚሆነው። "ፀሐዩ ነው" አልኩ ለራሴ። እጄን ዘርግቼ ሞተሩን ነካሁት። በጥላው ውስጥ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

ሳፋው ሞላ። ዘይቱ ቆመ። ቡሎኑን መልሼ አጠበቅኩና ወደ መሙያው ዞርኩ።

መሙያው እምቢ አለ።

ታገልኩት። በመዶሻ መታሁት። ጥርሱን በላሁት እንጂ አልተፈታም። እንግዲህ መኪናዋ ባዶዋን ቀረች፣ አዲስ ዘይት የምጨምርበት ቀዳዳ የለኝም። ሽማግሌው ቢያዩኝ ምን ይሉኝ ነበር እያልኩ ብቻዬን ሳቅኩ።

ሳቄን ስጨርስ ነው ያስተዋልኩት።

የጠመኔው ድምፅ የለም።

"ወፌ?"

አንገቴን ወደ ደረጃው አዞርኩ፤ ጠመኔው ብቻ ቀርቷል።

ከላዬ በር ተዘጋ። ገጭ።

መኪናዋ በሾፌሩ በኩል ትንሽ ዝቅ አለች። ወፌ ናት፣ ገብታ ተቀመጠች። "ውረጂ! አባዬ ሥር ነኝ!" ልል አፌን ስከፍት...

በሌላኛው በኩልም ዝቅ አለች።

አንድ በር ነው የተዘጋው። በዚያኛው በኩል ግን መኪናዋ ይበልጥ ወረደች። የትልቅ ሰው ክብደት ነው።

"ወፌ... ከማን ጋር ነሽ?"

የወንበር ቀበቶ ሲሳብ ሰማሁ። ከዚያ ጠቅ ብሎ ገባ።

መኪናዋ የድሮ ስለሆነች ውስጥ ማርሽ ሲቀየር ሥር ያለው ዘንግ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ፊቴ ላይ ነው ያለው። ዘንጉ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ተወዛወዘ። አማቴ ከመነሣታቸው በፊት ሁልጊዜ ማርሹ ባዶ ላይ መሆኑን እንዲህ አወዛውዘው ነበር የሚያዩት።

ከዚያ የፍሪሲዮኑ ክንድ ተገፋ።

የልጄ እግር ፍሪሲዮን አይደርስም። ወንበሩ ጫፍ ላይ ብትቀመጥ እንኳ አይደርስም።

ክንዱ ግን ቀስ ብሎ፣ ሙያውን በሚያውቅ እግር ተገፋ። ዘንጉ ወደፊት ሄደ።

አንደኛ ማርሽ።

"ቀስ በይ..." አለ ከላይ አንድ ድምፅ። ሹክሹክታ ነው። "ቀስ..."

ልወጣ ተወረወርኩ። የሸሚዜ ኮሌታ አንድ ብረት ላይ ተያዘ። ስጎትት አነቀኝ። መጮህም አልቻልኩም፣ መውጣትም አልቻልኩም። በእግሬ በኩል ያለው የኋላ ጎማ መዞር ሲጀምር ተኝቼ አየሁት።

ሞተር አልተነሣም። ባትሪ የለም። ካምቢዮው ውስጥ ጠብታ ዘይት የለም።

ጎማው ግን ዞረ... ዞረ...

ሸሚዜ ተቀዶ ወጣሁ። በሩን ብጎትተው ተቆልፏል። አራቱንም ሞከርኩ፣ አራቱም ተቆልፈዋል።

ወፌ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። ወደ እኔ አላየችም። የኋላ ማሳያውን ስፖኪዮ አየች፣ ከዚያ መንገዱን... መንገድ እንኳ የለም፣ ፊት ለፊቷ የተዘጋው የግቢ በር ነው።

ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ቀበቶው ግን ታስሯል። ተወጥሯል፣ ሆድ ያለው ሰው እንዳቀፈ ሁሉ ወደፊት ቆልመም ብሎ። ከሥሩም ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ወርዷል።

"ወፌ! ክፈቺልኝ! ወፌዬ!"

መስታወቱን በቡጢ ደበደብኩት። ልጄ በጣቷ አፏን ነካች።

"እሽሽ... አባዬ፣ አትጩህ።"

"በሩን ክፈቺ!"

"አባባ ትምህርት ላይ አትረብሹን ይላል።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድንጋይ አንሥቼ መስታወቱን መስበር ነበረብኝ። እኔ ግን ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ ባዶውን ወንበር ለመንኩ።

"አባባ... በሞቴ። ልጄን ይተዉልኝ። ያለችኝ እሷ ናት።"

የተረገጠው ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ ተነሣ። ጎማዎቹ ቆሙ። ቀበቶው ጠቅ ብሎ ተፈታና ወደ ቦታው ተጠቀለለ። በሩ በራሱ ተከፈተ።

ወፌን አቅፌ አወጣኋት። ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ደስ ብሏታል። ጭብጧን ፈታ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ጥርሱ የተበላ ቡሎን ነው።

የመሙያው ቡሎን። ይሞቃል።

"አባባ ‘መጀመሪያ ይሄ ነው የሚፈታው’ ብሎሃል" አለችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ጎበዝ ነሽ አለኝ። ነገ መንገድ እንወጣለን አለኝ።"

ሚስቴ ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። ቡሎኑን በእጇ አገላብጣ አየችው፣ ፊቷ ነጣ።

"አባቴ ቃሉን አጥፎ አያውቅም" አለች።

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"መኪናዋ ከዚህ ትውጣ። በጠዋት። የትም ትሂድ፣ ብቻ ከዚህ ትውጣ።"

ሌሊቱን ልጃችንን መሃላችን አስተኝተን ሁለታችንም ዓይናችንን ሳንከድን ነጋ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጎታች መኪና ሾፌር መጣ። ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ የሰካ ሰው። መደገፊያዎቹን አውጥቶ መኪናዋን በጎማዋ አቆማትና ገመድ ሊያመጣ ሄደ። ሚስቴ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ቆመች። እኔ ጓሮው ደረጃ ላይ የወፌን እጅ ጨብጬ ቆሜያለሁ። በዚህ በግራ እጄ።

ሾፌሩ ገመዱን ይዞ ሲመለስ ድንገት ቆመ።

"ወንድሜ፣ ሽማግሌውን አስወርዳቸው እንጂ። ሰው ተቀምጦ አልጎትትም።"

"የ... የቱን ሽማግሌ?"

"ከጎን የተቀመጡትን ነዋ። ቀበቶም አስረዋል፣ ጨዋ ናቸው።" ሳቀ። "ሕፃኗም ትውረድ። መሪ ላይ ምን ያስቀምጣታል?"

የወፌን እጅ ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

"ሕፃኗ... ይቺ ናት። እኔ ጋ ናት" አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። ወደ ግራ እጄ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"ብቻህን አይደል እንዴ የቆምከው?" አለኝ።

ሚስቴ ጮኸች።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሞተሯ ድምፅ የለውም። ሲሚንቶው ላይ ጎማዋ ብቻ ነው የሚሰማው። በኋላው መስታወት ከመሪው ላይ ብቅ ያለች ትንሽ ጭንቅላት አየሁ፣ ሚስቴ በጠዋት ያሰረችላት ቢጫ ሪባን አናቷ ላይ አለ።

ልሮጥ አልኩ።

እጄ ውስጥ ያለችው ትንሽ እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ለቅቄ ልሩጥ? እጄ ውስጥ ያለችው ልጄ ብትሆንስ? ባልሮጥ... መሪው ላይ ያለችው ልጄ ብትሆንስ?

ቆምኩ። አምላኬን፣ ቆሜ ቀረሁ።

መኪናዋ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ባትሪ የሌላት መኪና የቀኝ ፍሬቻ አሳየች። ብልጭ... ብልጭ... ከግራ የሚመጣ መኖሩን አይታ ቀስ ብላ ወጣች። ሚስቴ በባዶ እግሯ እየጮኸች ተከተለቻት። ሾፌሩ ገመዱን ጥሎ ከኋላዋ ሮጠ።

ይኸው አራት ሰዓት ሊሆን ነው። አንዳቸውም አልተመለሱም። ሚስቴ ስልክ አታነሣም።

እኔ ደረጃው ላይ እንደቆምኩ ነኝ። በቀኝ እጄ ይህን እጽፋለሁ፣ ግራዬን አልለቀቀችኝም።

"ወፌ" አልኳት ብዙ ጊዜ። የግራ ጫማዋ ብቻ ሲሚንቶውን ረገጥ... ለቀቅ... ረገጥ... ለቀቅ ሲያደርግ ይሰማኛል።

እጇ ትሞቃለች። በጣቶቼ መሃል ወደ ታች የሚንጠባጠብ ነገር አለ፣ የካምቢዮ ዘይት ይሸታል።

እስካሁን ዝቅ ብዬ አላየኋትም።