የገመዱ ትርፍ ጫፍ

ባህሩ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ከአሰብ ወጥቶ በአሸዋማው መንገድ ወደ ሰሜን ሲነዳ፣ የሁመድ አሮጌ ፒካፕ እያቃሰተ የመጨረሻውን ጉብታ ገና ሳይወጣ፣ ከማዶ አንድ ግዙፍ ነገር ተኝቶ እንደሚተነፍስ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ ወደ ውስጥ ይስባል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይለቃል። ይትባረክ ይህን ድምፅ ይወደው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በወደቡ መጋዘን ከጆንያ ጋር ተፋጦ ለሚውል፣ ቤቱ ገብቶም የሚያናግረው ለሌለው ሰው፣ ዓርብ ዓርብ ከሥራ መልስ ከሁለት ጓደኞቹ ከሁመድና ከሸዋንግዛው ጋር ዓሣ ለማጥመድ እዚህ መምጣት ሌላውን ቀን ሁሉ የሚያስችለው ነገር ነበር። የዛሬው ዓርብ ግን ልቡ አልረጋ አለው። በአንዱ ሞገድና በሚቀጥለው መካከል ያለችው ዝምታ ከወትሮው ረዘመችበት፤ የሚተነፍሰው ነገር ትንፋሹን ውጦ የሚያዳምጥ መሰለው።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አለው ሸዋንግዛው ጎኑን በክርኑ ጎሸም አድርጎ። "የማገባው እኔ፣ ፊትህ የጠቆረው አንተ!"

"ሚዜነቱን ለኔ ስጠኝ ብዬህ ነበር" አለ ሁመድ መሪውን እንደያዘ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "ይሄ ሰውዬ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ነው የሚመስለው።"

ሸዋንግዛው የወደቡ ክሬን ነጂ ነው፤ ተኝቶም አፉ አይዘጋም ይሉታል። ሠርጉ እሑድ ነው። ከዚያ በኋላ ዓርብ የሚባል ነገር እንደማይኖር ሦስቱም ያውቁታል፣ ማናቸውም ግን አላነሳውም። ከከተማ ሲነሱ ሙሽራይቱ የውብዳር እስከ መኪናው ድረስ ተከትላቸው መጥታ፣ ሸዋንግዛውን ሳይሆን ይትባረክን ነበር በመስኮቱ በኩል እጁን የያዘችው። "ይትባረክ ወንድሜ፣ ይሄን ባህር እኔ አላምነውም። እንደወሰድኸው መልስልኝ፤ አደራ" አለችው። "እንዴታ! ከደጅሽ ድረስ አምጥቼ ነው የማስረክብሽ" አላት። ሲስቁ እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም ነበር።

ፀሐይ ከኋላቸው በጥቋቁሮቹ ድንጋዮች ጀርባ ስትገባ ጥላቸው ረዝሞ ውሃው ውስጥ ገባ። ፋኖስ አብርተው ከጫማቸው ጋር አሸዋው ላይ አኖሩና፣ ሽርጣቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው ገመዱን ፈቱ። ያለ ገመድ አይገቡም። በአንድ ክረምት ወደ ውስጥ የሚስበው ውሃ የሁመድን እግር ጠልፎ ሊወስደው ሲል ለጥቂት ከተረፈ ወዲህ፣ ከወደብ የተጣለ የመርከብ ገመድ አምጥተው ወገባቸውን እየታሰሩ ነው ሞገዱ ውስጥ የሚቆሙት፤ ሁመድ በግራ፣ ሸዋንግዛው መሐል፣ ይትባረክ በቀኝ ዳር። የሞገዱ ጩኸት ሰውን ከሰው ስለማያሰማ በገመዱ ነው የሚነጋገሩት። ሁለት አጭር ሳብ፣ አንድ ረጅም ሳብ፤ አለህ? ያው ተመልሶ ሲመጣ፤ አለሁ። ሸዋንግዛው ብቻ የራሱን ይጨምርበታል። ረጅሙን ስቦ ስቦ፣ ይትባረክ ወደ ኋላ መደገፉን ሲያውቅ ድንገት ገመዱን ይለቅበታል፤ ይትባረክ በቂጡ ዘጭ ይላል፤ የዚያን ጊዜ ሳቁ ከባህሩ በላይ ይሰማል። ገመዱ ለሦስት ሰው ረጅም ስለሆነ ከይትባረክ ወገብ ያለፈው ትርፍ ጫፍ ከኋላው ይንሳፈፋል። ልቁረጠው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ይትባረክ ማስመጫ እርሳስ ያሰረበትን ክር ከራሱ በላይ አሽከርክሮ ወረወረና ጠበቀ። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው፤ ሽታው ግን የጨውና የዓሣ አልነበረም። ለዓመታት ተዘግቶ በኖረ ሣጥን ውስጥ የተረሳ እርጥብ ልብስ ሲከፈት እንደሚሸተው ዓይነት ሽታ፣ ከነፋሱ ጋር ሳይሆን ከሞገዱ ጋር እየመጣ፣ ከሞገዱ ጋር ይመለሳል። በእግሮቹ መካከል ሸርጣኖች እያለፉ ወደ ደረቁ ይወጡ ነበር፤ አንድ ሁለት አይደሉም፣ መንጋ ሙሉ፣ ፊታቸውን ወደ ባህሩ አድርገው የኋሊት። ክሩን ሲጠቀልል መንጠቆው ባዶውን መጣ። ምግቡ የተነከሰ አይመስልም፣ ተነቅሎ የተወሰደ ነው የሚመስለው። መንጠቆውን ክሩ ላይ ያሰረበት የራሱ ያልተስተካከለ ቋጠሮ ተፈትቶ፣ በቦታው ሌላ፣ ትንሽና ንጹሕ ቋጠሮ ተቋጥሮበታል።

ቋጠሮውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በደበዘዘው ብርሃን ሲያየው ነው ገመዱ ወገቡ ላይ የተንቀሳቀሰው። ሞገድ ነው ብሎ ተወው። እንደገና ሳብ አደረገው፤ አንድ አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ልክ ትምህርቱን ገና እንዳላጠና ልጅ። ጥቂት ቆየና ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ፣ ስንት ዓርብ እንደለመደው፣ ሁለት አጭርና አንድ ረጅም ስቦ መለሰ። አለሁ።

ከመለሰ በኋላ ነው የመጣው ከቀኝ መሆኑን ያወቀው። በስተቀኙ ሰው የለም።

ትርፉን ጫፍ በሁለት እጁ እየሳበ ወደራሱ አመጣው፤ ምንም አልከበደውም። ጫፉ ላይ ያ ንጹሕ ቋጠሮ አለ፤ ከቋጠሮው በታች ገመዱ ክብ ሠርቶ ታስሯል፣ የአንድ ሰው ወገብ የሚያህል፣ ባዶ ክብ። እንደ እባብ ወረወረውና ወደ ግራ ዞሮ በኃይል ሳበ። አለህ? መልስ የለም። በጨለማው ውስጥ ከየት እንደተነሳ ያላየው ትልቅ ሞገድ ሦስቱንም አልብሶ አለፈ፤ በሸዋንግዛው በኩል ያለው ገመድ ላላ፤ እስከ ጉልበቱ ላላ።

"ሸዋ!" ብሎ ጮኸ፣ ድምፁን ውሃው በላው። "ሸዋ! በቃ እንውጣ!"

ያኔ ገመዱ ተወጠረና መልሱ መጣ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ይትባረክ በእፎይታ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ የሚወድቅበትን አሸዋ እንኳ በልቡ መርጦ፣ ገመዱ እስኪለቀቅ ጠበቀ። አልተለቀቀም።

ሸዋንግዛው በሞገዱ መሐል እየተራመደ መጣ። ሞገዱ ሲመታው አልተንገዳገደም።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ።"

ለጥያቄ ቀልድ ሳይጨምር መልስ ሲሰጥ ይትባረክ ሰምቶት አያውቅም። ሸዋንግዛው ሁልጊዜ እየተራገመ፣ በጥርሱም እየታገለ የሚፈታውን እርጥብ ገመድ በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ከወገቡ አወረደው። ሲያልፍ ክንዱ ነካው፤ ከዚያ ለብ ያለ ውሃ የወጣ ክንድ የጉድጓድ ድንጋይ ያህል ይቀዘቅዛል። ያ የሣጥን ሽታ አብሮት አለፈ። ጫማውን አላነሳም፣ ፋኖሱን አላየም፤ አሸዋው ላይ የተከማቹት ሸርጣኖች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሸሹ መንገድ ለቀቁለት።

ሁመድ ቀድሞ ወጥቶ፣ ራሱን ፈትቶ የማጥመጃውን ጣሳና ዓሣውን መኪናው ላይ ሲጭን ነበር። ሸዋንግዛው አጠገቡ ሲደርስ በሩን ከፈተለት፤ እሱ ግን መኪናውን አልፎ፣ ዘወር ሳይል፣ በባዶ እግሩ ወደ ከተማው በሚወስደው ጉብታ ላይ ወጣ።

"ኧረ ሙሽራው! በእግርህ ልትገባ ነው?" ብሎ ሁመድ ሳቀ። ከዚያ ወደ ይትባረክ ዞረ። "ምን አስቀየምከው?"

"አላውቅም። ሁመድ... ተወው፣ አትከተለው።"

"የውብዳር እኔን ትብላኝ? ላድርሰውና እመለሳለሁ፤ አንተ ገመዱን ሰብስብ።"

መኪናው ጉብታውን ወጣ፤ መብራቱ የሚሄደውን ሰው ጀርባ ለአፍታ አሳየና ቆመ፤ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ፤ ከዚያ ሞተሩ ወደ ከተማው፣ ወደ የውብዳር ደጅ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ይትባረክ ደረቁ አሸዋ ላይ ቆሞ፣ ገመዱን ከወገቡ ፈትቶ ይጠቀልል ጀመር። የሁመድ ጫፍ መጣ፤ የመሐሉ መጣ፤ ትርፉ ጫፍ ብቻ ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ቅድም ምንም ያልከበደው አሁን አልመጣ አለ። ተረከዙን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ፣ በሙሉ ክብደቱ ወደ ኋላ ተደግፎ ሳበው።

ከጥልቁ በኩል ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ በጣም ረጅም ሳብ መጣ፤ ከዚያም ገመዱ ድንገት ተለቀቀና ይትባረክ በቂጡ ዘጭ አለ።