ነጎድጓድ ሲሰማ የሚነቀል ኬብል

ስማራንዳ ወንበር ላይ ቆማ የብረት ሳጥኑን ስትከፍት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ፊቷን መታት።

ሳጥኑ የተሰቀለው በመጨረሻው ፎቅ፣ ልብስ ማድረቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። የሠራው ታላቅ ወንድሟ ኢዩስቲን ነው። ውስጡ ያለው የኔትወርክ ማከፋፈያ ሃያ አራት ቀዳዳ አለው፤ ድሮ ከሃያ አራት ቤት የመጣ ኬብል ተሰክቶበት ሃያ አራት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይልበት ነበር። ከዚያ የኩባንያ ኢንተርኔት መጣና ጎረቤቱ አንድ በአንድ ተነቀለ። እስከ ትናንት ድረስ የቀሩት የእሷና የሠላሳ አንድ ቁጥር ቤት መብራቶች ነበሩ። ዛሬ አንድም የለም።

ጥፋቱ ደግሞ የእሷ ነው። በርላድ ከተማ ውስጥ የሰፈር ኔትወርክ የዘረጋ ሁሉ አንድ ሕግ ያውቃል፦ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ሮጦ በጣሪያ ላይ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚሻገሩትን ኬብሎች መንቀል። ኢዩስቲን የሾርባ ማንኪያውን ጥሎ ይሮጥ ነበር። ስማራንዳም ትናንት ነጎድጓዱን ሰምታለች። ግን የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ልጨርስ ብላ ተቀመጠች፤ ዓረፍተ ነገሩም ውሸት ነበር።

ኢዩስቲን ባለፈው መስከረም ለግንባታ ሥራ ስፔን ሲሄድ ሰርቨሩን ለእሷ ጥሎላት ሄደ። ሰርቨር ይባል እንጂ መኝታ ቤታቸው ጥግ የሚያጉረመርም አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ የሰፈሩ ፊልምና የሰፈሩ ቻት ያለው እሱ ውስጥ ነው። ቻቱም በወንድሟ ስም እንደተከፈተ ቀረ። በጥቅምት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሠላሳ አንድ ቁጥሯ እትዬ ቬቱሪያ «ኢዩስቲን፣ አለህ?» ብለው ጻፉ። እናቷ ከዳቦ ፋብሪካ የምትመለሰው ሲመሽ ነው፤ ስማራንዳ ብቻዋን ነበረች። «አለሁ» ብላ መለሰች። ኢዩስቲን እንደሌለ ቢያውቁ መጻፋቸውን እንዳያቆሙ ፈራች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ኢዩስቲን ትሆን ነበር።

እትዬ ቬቱሪያ ማዶ ካለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ መውረድ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጉልበታቸው እምቢ ብሏል። ማን እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ የሚነግራቸው የለም። የእሳቸውም ልጅ ስፔን ነው። ለምን እንደማይደውል ሲጠይቁ «ኢዩስቲን» እንዲህ ብሎ ጽፎላቸው ነበር፦ «ሥራ በዝቶበት ነው። ለፋሲካ ግን ይደውላል፣ እኛ ወንዶች እንዲህ ነን።»

ፋሲካ መጣ፣ እንደ ልማዱ ቀይ የተቀባው የፋሲካ እንቁላል ተላትሞ ተበላ፣ ልጁ አልደወለም። ትናንት እትዬ ቬቱሪያ «አንተም ወጣት ነህና እውነቱን ንገረኝ። ታሞ ነው ወይስ ረስቶኝ?» ብለው ጻፉ። ስማራንዳ «ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ በዚህ ሳምንት» ላይ ስትደርስ መብረቁ ወረደ።

አሁን ኬብሉ እንደሞተ ቢቀር ውሸቱም አብሮት ይቀበራል። ይህ ሐሳብ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ደግሞ ከፋት። ለኢዩስቲን ደወለች። ለወትሮው የማያነሳው ሰውዬ ዛሬ አነሳ።

«ማከፋፈያው ተቃጠለ» አለችው።

«ይቃጠላ! ነቃቅለሽ ጣይው። ማን ቀረበት?»

«ሠላሳ አንድ ቁጥር።»

«እትዬ ቬቱሪያ? አሉ እንዴ እስካሁን?» ሳቀ። «ተይ ባክሽ፣ ለአንድ ሴትዮ ብለሽ ጣሪያ ለጣሪያ አትንጠልጠይ። ስሚ ደግሞ፣ ለፋሲካ ልደውል ብዬ ካርድ አልነበረኝም።»

«እሺ።»

«አለቃዬ እየጠራኝ ነው። ቻው።»

ወንድሟ ሲዋሽ አነጋገሩ እንደሚፈጥን ታውቃለች። የፋሲካ ዕለት ስልኩን ከወጥ ቤት መኝታ ቤት፣ ከመኝታ ቤት ወጥ ቤት ይዛ ስትዞር መዋሏን አልነገረችውም። ለእትዬ ቬቱሪያ የጻፈችው ሁሉ ለራሷ የጻፈችው ማጽናኛ እንደነበር አሁን ገባትና አፈረች።

ከኢዩስቲን ቁም ሳጥን ስምንት ቀዳዳ ያለው አሮጌ ማከፋፈያ አውጥታ በተቃጠለው ቦታ ተካችው። የራሷ መብራት በራ። የሠላሳ አንድ አልበራም። የኬብሉን ጫፍ ቆረጠችና ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በቃሏ እንዳጠናችው ደረደረቻቸው፤ ነጭ በብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ እያለች እስከ ስምንት። አዲስ የፕላስቲክ ራስ አልብሳ በፒንሳው ጨመቀችው። አሁንም ጨለማ። እንግዲህ የተቃጠለው በወዲያኛው ጫፍ ነው። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ እትዬ ቬቱሪያ አሉ።

ፒንሳውን ኪሷ ከትታ ወደ ማዶው ሕንፃ ተሻገረች።

«ማነው?»

«ስማራንዳ ነኝ፣ የኢዩስቲን እህት። ለኬብሉ ነው የመጣሁት።»

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ አደግሽ?» አሉ በሩን ከፍተው። «እሱስ? ፎቅ መውጣት ከበደው?»

ስማራንዳ ፒንሳውን ከኪሷ አውጥታ ገባች። የቤት ስልኩ ረጅም ሽቦ ተቀጥሎለት ኮምፒውተሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ተነጥፎለታል። እሱን ላለማየት ፈጥና ጠረጴዛው ሥር ገባች። ቆረጠች፣ ደረደረች፣ ጨመቀች። ስትሰካው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ትንሿ መብራት በራች።

«በራ» አለች።

«ተባረኪ። ኢዩስቲንን አመሰግነዋለሁ በይው። የልጄን ነገር ጠይቄው ነበር፤ መልስ ይቀረዋል።»

ስማራንዳ ከጠረጴዛው ሥር አልወጣችም። እዚያ ሆኖ መናገር ይቀላል።

«ኢዩስቲን ከመስከረም ጀምሮ ስፔን ነው፣ እትዬ ቬቱሪያ። የምጽፍልዎ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሥር የሚታዩዋት የእትዬ ቬቱሪያ ነጠላ ጫማዎች ብቻ ነበሩ። አልተንቀሳቀሱም።

«ፋሲካውስ?»

«ከራሴ ነው ያመጣሁት።»

«ለምን?»

«እኔም እየጠበቅሁ ነበር። እሱም አልደወለም።»

ነጠላ ጫማዎቹ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። «ያን ዕለት የክት ቀሚሴን ለብሼ ነው ስልኩ ሥር የዋልኩት» አሉ እትዬ ቬቱሪያ። «በስልክ እንደማይታይ ጠፍቶኝ አይደለም።» ከዚያም፦ «አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ልጄ።»

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ማንም አልጻፈም። በሦስተኛውም ቀን አልጻፈም። የሠላሳ አንድ መብራት በርቷል፤ በርቶ ዝም ብሏል። ስማራንዳ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ባዶውን ቻት ታያለች። እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቆረ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና በስም ቦታው ላይ «ኢዩስቲን» የሚለውን አጥፍታ «ስማራንዳ» ብላ ጻፈች። ከዚያም፦ «እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ቬቱሪያ። ልጅዎ ለምን እንደማይደውል አላውቅም። ደመና መጥቷል፤ ኬብሉን ልነቅል ነው። ሲያባራ እመልሰዋለሁ።»

ላከችው። ከሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ደረጃውን እየሮጠች ወጣች።

ሳጥኑን ስትከፍት ለቀናት ሳይርገበገብ በርቶ የቆየው የሠላሳ አንድ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ይላል። ከማዶ የሆነ ነገር እየመጣ ነው። እጇ አየር ላይ ቆመ። ወርዳ ማንበብ አማራት፤ ሁለተኛው ነጎድጓድ ግን ቀርቦ ጮኸ። ስድብም ይሁን ሰላምታ፣ የመጣውን ሰርቨሩ ይዞላት ይቆያል።

ኬብሉን ነቀለችው። ጫፉን በእጇ እንደያዘች የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቅ ጀመር።