እርማት፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

በሠላሳ አንድ ዓመቴ እናቴ ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ዣንጥላ ላይ ለጥፋ፣ መናፈሻ ውስጥ ለገበያ አውጥታኛለች። ቁመቴ፣ ዲግሪዬ፣ ደመወዜ ሁሉ ተጽፏል፤ «ጸባየ መልካም» የሚልም አለበት። ይህንን ከየት እንዳመጣችው እሷ ትወቅ። ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ በፊት በአንድ ደብዳቤ ነውና ከዚያው ልነሳ።

ቼንግዱ ከተማ ውስጥ ለተማሪዎች የእንግሊዝኛ ቃላት መጽሐፍ በሚያሳትም ትንሽ ቤት ነው የምሠራው። ቃል ይሰጠኛል፤ ትርጉሙን በቻይንኛ አስቀምጥና አገባቡን የሚያሳዩ ሰባት ዓረፍተ ነገሮች እጽፍለታለሁ። በእኔ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ሰዎች ትኬት ይገዛሉ፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ተማሪዎች በርትተው ያጠናሉ። ማንም አያፈቅርም። ዋና አዘጋጃችን ፓንግ «ፍቅር ፈተና ላይ አይመጣም» ይላሉ።

በየመጽሐፋችን መጨረሻ አንድ ቅጽ አለ። ስህተት ያገኘ አንባቢ ገጹን፣ «የታተመውን» እና «የሚነበበውን» ሞልቶ ይልክልናል። እውነቱን ከሆነ አዲስ መጽሐፍ በነጻ ይደርሰዋል፤ እኛም እርማቱን በትንሽ ወረቀት አትመን በየመጽሐፉ ውስጥ እንሸጉጣለን።

በአንድ የመኸር ጠዋት እንዲህ ያለ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁ። ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ «ዎንት» የሚለው ቃል፤ ፈለገ፣ ሻ ማለት ነው። አራተኛ ዓረፍተ ነገር። የታተመው፦ «ወላጆች ልጆቻቸው የሚፈልጉትን ያውቃሉ።» የሚነበበው የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ፣ «እንዴት እንደሚስተካከል አላውቅም፤ ግን እውነት አይደለም» ይላል። ላኪው ሺያንግ ቦሊን፣ አሳንሰር ጠጋኝ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። እኛ የምናየው ዓረፍተ ነገሩ በትክክል መሠራቱን እንጂ እውነት መሆኑን አይደለም ብዬ መለስኩለት። በሳምንቱ መልሱ መጣ። እኔ የጠገንኩት አሳንሰር አሳምሮ ወጥቶ ሌላ ፎቅ ላይ ቢቆም፣ ለሰዎቹ «መውጣቱን ግን ወጥቷል» ልበላቸው ወይ ይላል። እንግዲህ ምን ይባላል? ክረምቱን ሙሉ ተጻጻፍን። የአሳንሰሮቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ በቀን አንድ ቃል ያጠናል፤ ቃሉን ሲጨርስ ከእኔ ጋር ይጣላል። ደብዳቤው የዘገየ ሳምንት ሥራ አልሠራም ነበር። መውደድ እንደሆነ ለራሴ ለማመን ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቦ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። ከእኔ በሁለት ጣት ያጥራል፣ በሦስት ዓመት ያንሳል፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ።

«መምህርት ሩዋን እርስዎ ነዎት?» አለ፤ አዘጋጅን በእኛ አገር መምህር ነው የሚሉት።

«መጽሐፍ አይደርስህም» አልኩት። «ስህተት አላገኘህም።»

«ለመጽሐፉ ብዬ አልመጣሁም።»

ቢሮው ውስጥ የሚጽፍ ሰው ጠፋ። እሱ ጫማውን ያያል፤ እኔ የእሱን ጫማ አያለሁ። በመጨረሻ ካፖርቴን አንስቼ ቀድሜው ወጣሁ።

ጥግ ላይ ካለችው ኑድል ቤት ተቀመጥን። «ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝና ዝም ብሎ ጠበቀ። የሚበላ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አጠባበቁ! ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ መልሱን ራሱ ይመልሰው ነበር። ይህ ሰውዬ አሳላፊዋ ሁለቴ መጥታ እስክትመለስ ጠበቀኝ። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ አለቀልኝ፣ ወደድኩት።

እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ለብቻዋ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ይህን አልክድም። እራት ላይ ስለ ቦሊን ስነግራት መብያ እንጨቶቿን አስቀመጠች።

«አሳንሰር ጠጋኝ?»

«አዎ።»

«እሱ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ይኖራል። አንቺን ማን ያወጣሻል?»

«እኔ መች ወረድኩ፣ እማዬ?»

«ሹሹ ልጄ፣ አትድረቂብኝ። የምትፈልጊውን እኔ አውቅልሻለሁ።»

እኔም መብያ እንጨቶቼን አስቀመጥኩ። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ነው! እኔ ከራሴ የጻፍኩት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሠላሳ ዓመት ከአፏ ስሰማ ኖሬ ነው ገልብጬ ያሳተምኩት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎረቤታችን በስልኳ ፎቶ ላከችልኝ። መናፈሻው ውስጥ ወላጆች የልጆቻቸውን ዝርዝር በየዣንጥላው ላይ ለጥፈው አማችና ምራት በሚያፈላልጉበት ቦታ የእኛ ሰማያዊ ዣንጥላ ተዘርግቷል። ስድስተኛው መስመር፣ «የምትፈልገው፦ ዲግሪና የራሱ ቤት ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ አምስት የማያንስ» ይላል። ፎቶው ከስልክ ስልክ ሲዞር ለቦሊንም ደርሶት ነበር። ማታውኑ ደወለና ጉዪያንግ ከተማ ለሁለት ዓመት ሥራ እንዳገኘ፣ ሰኞ እንደሚሄድ ነገረኝ። እናትና ልጅ በእኔ የተነሳ አትጣሉ፣ ለአንቺም የሚሻልሽ ይኸው ነው አለ።

ደሜ ፈላ። «አንተም ልታውቅልኝ ነው?» አልኩት።

«እኔማ...» ብሎ ጀመረ፤ አላስጨረስኩትም።

«ነገ ጠዋት መናፈሻው እሄዳለሁ። መምጣትህን ከፈለግህ ና፤ ካልፈለግህም ጉዪያንግ ግባ። ብቻ ለእኔ ብለህ እንዳትሄድ።» ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ምን አስዋሸኝ።

እሑድ ጠዋት ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ባዶ የእርማት ወረቀትና የልብስ መቆንጠጫ ከትቼ ሄድኩ። እናቴ በታጣፊ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ የራሱ ቤት ያለው የአንድ ልጅ እናትና አባት ተቀምጠዋል። «ይኸው እሷው ራሷ መጣች» አለች ደስ ብሏት። ደስታዋን ሳይ ልቤ ሊከዳኝ ነበር። ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩና በእሷ ወረቀት ላይ ቆነጠጥኩት።

«እርማት። መስመር ስድስት። የታተመው፦ የምትፈልገው፣ ዲግሪና የራሱ ቤት ያለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሰባ አምስት የማያንስ። የሚነበበው፦ የምትፈልገው፣ ሺያንግ ቦሊንን። ሌላው እንዳለ ይቆያል።»

ጡረተኛ ወሬ ይወዳል፤ ወዲያው ከበቡን። አንድ ሽማግሌ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና ሰውየው ማን ነው አለ። አሳንሰር ጠጋኝ ነው ስለው፣ የእኛ ፎቅ አሳንሰር ከቆመ ሦስት ሳምንቱ ነው፣ የት ይገኛል አለ። የባለ ቤቱ ልጅ እናትና አባት በርጩማቸውን አጣጥፈው ተነሱ።

«አዋረድሽኝ» አለች እናቴ በቀስታ።

«አላዋረድኩሽም፣ እማዬ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ደብተር አርመሻል። ስህተት እያየሽ አልፈሽ ታውቂያለሽ?»

ቀና አለች። ዓይኗ ከኋላዬ አንድ ቦታ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ዞር ስል ቦሊን ቆሟል። ያንኑ የመሣሪያ ቦርሳ አንግቧል፣ ፊቱን ግን ተላጭቷል።

«እማማ» አለ አንገቱን ዝቅ አድርጎ። «ሰኞ አልሄድም። ለእሷ ብዬ አይደለም። እኔ ራሴ ስለፈለግኩ ነው።»

እናቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው፤ ብዙም የሚታይ ርዝመት አልነበረውም። ከዚያ ከቦርሳዋ የደብተር ማረሚያ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች፤ ጡረታ ከወጣችም በኋላ አልተለያትም። ልትሰርዘው ነው አልኩ በልቤ።

«ቁመት አልተጻፈም» አለች። «ስንት ነህ?»

«አንድ ሜትር ከስልሳ ስድስት።»

«ከተጻፈ አይቀር ሙሉው ይጻፍ።» ጻፈችው። ዣንጥላውን አጣጥፋ፣ በርጩማዋን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ሁለታችንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች። አራት ወር አላነጋገረችንም። በአምስተኛው ወር የሕንጻዋ አሳንሰር ቆመና ደወለች፤ ለእኔ ግን አልነበረም።

በቀጣዩ ዓመት ጸደይ ተጋባን። በዚያው ሰሞን የመጽሐፉ አዲስ እትም ደረሰና ዋና አዘጋጅ ፓንግ አራተኛውን ዓረፍተ ነገር የቀየርኩበትን ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ይዘው መጡ።

«ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም፣ ሩዋን።»

«እኔ ላይ መጥቷል» አልኳቸው። «ካወጡት ስሜንም አብረው ያውጡት።»

አላወጡትም። ቦሊን የሚገባውን ነጻ መጽሐፍ አገኘ። ሌላ ቅጂ ለእናቴ ወሰድኩላት፤ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ እንደ ተማሪ ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረችው። ሦስት የፊደል ግድፈት አገኘችብኝ። «ዎንት» ጋ ስትደርስ ቆመች። አራተኛው ዓረፍተ ነገር፣ «እናቴ የምፈልገውን ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ» ይላል።

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ምንም ሳታርም ገጹን ገለጠችው።